ከአምስት ክንድ ርቀት፦ መንገደኛን ለሚያነሳው አንባቢያችን

ጥያቄ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አየር ጤና ነው። ያገለገለ ካነን 600ዲ ካሜራ ከ18-55 ሌንሱና ከ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ጋር ገዝቼ ቅዳሜና እሁድ መርካቶ፣ ሾላና መገናኛ እየዞርኩ ሰው አነሳለሁ። የምፈልገው ሰው ሳያውቅ፣ እንዳለ እንዲወጣልኝ ነው። ስለዚህ በ50ው ሌንስ ራቅ ብዬ፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ አነሳለሁ። ግማሹ ፎቶ ብዥ ይላል፤ የሰዉ ፊትም ይጠቁራል። ባለፈው ቅዳሜ ሾላ ላይ ጎመን የሚሸጡ አንዲት እናት ሳነሳቸው አዩኝና ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ፣ አንዱ የካሜራዬን ማንገቻ ያዘ፤ ፎቶውን አጥፍቼ በስንት ልመና ወጣሁ። ሌላው ደግሞ፣ ሥራ አድክሞት ሳጥኑን ተደግፎ የተኛ ሊስትሮ ልጅ አንስቼ ኢንስታግራምና ቴሌግራም ላይ ለጥፌ ነበር። ብዙ ሰው ወደደው። አጎቱ ነኝ ያለ ሰው ግን ‹ከገጽህ አውርደው› ብሎ ጻፈልኝ። መንገድ ላይ ያለን ሰው ማንሳት መብቴ አይደለም እንዴ? በጥቅምት ደግሞ እህቴን ልጠይቅ ዱባይ ልሄድ ነው፤ እዚያስ እንዴት ነው?»

መልስ

ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት የልጁን ፎቶ አውርደው። ዛሬውኑ። ከኢንስታግራም አጥፋው፣ ከቴሌግራም ቻናልህ ሰርዘው፣ ግሩፕ ውስጥ ልከኸው ከሆነም ለሁሉም እንዲጠፋ የሚለውን መርጠህ ሰርዝ። ከአንተ ወስደው የለጠፉ ቻናሎች ካሉ ለባለቤቶቹ አንድ በአንድ ጻፍላቸው። ከዚያ ለአጎትየው «አውርጄዋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብለህ መልስ ስጥ። አጎቱ መሆንህን በምን ልወቅ ብለህ መሟገት ውስጥ አትግባ።

ሕጉን ጠይቀሃልና እንንገርህ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 27 ጀምሮ ስለ ሰው ምስል ይደነግጋል። አንቀጽ 27 የሚከለክለው የአንድን ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ነው። ልብ በል፤ ይህ አንቀጽ የሚያወራው ፎቶው ከካሜራህ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው ነው። አንቀጽ 28 ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲውል፣ እንዲሁም ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በአደባባይ ከተደረገ ጉዳይ ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር ሲያያዝ። መስቀል አደባባይ ደመራ ላይ፣ ጃንሜዳ ጥምቀት ላይ፣ በታላቁ ሩጫ ዕለት የምታነሳው ሕዝብ እዚህ ውስጥ ይገባል።

«በአደባባይ የተደረገ» የሚለውን አስፍቶ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ ተፈቅዷል የሚል አይጠፋም። ሳጥኑን ተደግፎ እንቅልፍ የጣለው ልጅ ግን የትኛውንም ሥነ ሥርዓት እያከበረ አልነበረም። እኛ በዚህ ክፍተት ተደገፍ ብለን አንመክርህም። አንቀጽ 29 ደግሞ ባለ ምስሉ «ይቁምልኝ» የማለት መብት ይሰጠዋል፤ ፍርድ ቤትም በፎቶው ያገኘኸውን ጥቅም ያህል ካሳ ሊያስከፍልህ ይችላል። አቁም ተብለህ ወዲያው ካላቆምክ የሞራል ካሳም ሊጨመርብህ ይችላል። የአጎትየውን መልእክት ካነበብክ በኋላ ፎቶው ገጽህ ላይ የቆየበት እያንዳንዱ ቀን አንተ ላይ የሚቆጠር ነው።

ሕጉን ትተን ልጁን ብቻ ብናስብስ? የተኛ ሰው «አይሆንም» ማለት አይችልም፤ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ነቅቶም ቢሆን መፍቀዱ አይበቃም። ከገጠር መጥተው ሊስትሮ ከሚሠሩት ልጆች መካከል ወላጆቻቸው ትምህርት ላይ ብቻ ያሉ የሚመስላቸው አሉ። ብዙ ሰው የወደደው ፎቶ ለእነሱ ቤት ሌላ ወሬ ይዞ ይደርሳል። የልጅ ፊት በግልጽ የሚታይበትን ፎቶ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ አትለጥፍ። የትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ዩኒፎርም፣ የቤት ቁጥር ወይም የመኪና ታርጋ ካለበት ቆርጠህ አውጣው።

ማንሳቱን በተመለከተ ደግሞ ዋናው ጥንቃቄ የቦታ ነው። ቤተ መንግሥት አጥር ሥር፣ ወታደራዊ ካምፕ አጠገብ፣ ኤምባሲ በር ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ካሜራ አታውጣ። የባቡር ጣቢያ ላይ መጀመሪያ ጥበቃውን ጠይቅ፤ አይቻልም ካለህ አመስግነህ ሂድ። እዚያ ክርክር ጊዜህን ይበላል እንጂ ፎቶ አይሰጥህም።

አሁን ወደ ብዥታው። ጥፋቱ የካሜራው አይደለም፤ የ50ው ሌንስ አጠቃቀምህ ነው። በ600ዲ ላይ 50 ሚሊ ሜትሩን ኤፍ 1.8 ከፍተህ 2.5 ሜትር ላይ ያለ ሰው ስታነሳ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከፊት እስከ ኋላ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መንገደኛ በሰከንድ 1.4 ሜትር ያህል ይራመዳል። ፎከስ ከያዘ በኋላ ማንሻውን እስክትጫነው ሩብ ሰከንድ ብታልፍ ወደ አንተ የሚመጣው ሰው 35 ሴንቲ ሜትር ተጉዟል። ፎከሱ እሱ ከነበረበት ቦታ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ታክሲ ውስጥ ሆነህ ስታነሳ ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለው አቧራና የመኪናው ንዝረት ይጨመርበታል።

መድኃኒቱ መንገድ ላይ ፎከስ አለመፈለግ ነው፤ አስቀድመህ ጨርሰኸው ትወጣለህ። 18-55ቱን ግጠም። ዙሙን 24 ላይ አድርግ። አፐርቸሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፣ ኤፍ 8 አድርግ። ከአንተ 2.5 ሜትር የሚርቅ ግንድ ወይም ምሰሶ ላይ በአውቶ ፎከስ ያዝ፤ በክንድ ብትለካው አምስት ክንድ ነው። ልክ እንደያዘ ሌንሱ ጎን ላይ ያለችውን ማብሪያ ከኤኤፍ (ካሜራው ራሱ ከሚይዘው ፎከስ) ወደ ኤምኤፍ (በእጅ ወደሚያዘው) አዙራት። ይህ ሌንስ የርቀት ቁጥር ስላልተጻፈበት ፎከሱ ቢንሸራተት በዓይን አታውቀውም፤ ስለዚህ የፎከሱንም የዙሙንም ቀለበት በወረቀት ፕላስተር አጣብቃቸው። ዙሙ ትንሽ ከተነካ ፎከሱም አብሮ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው «ዘዴው አልሠራልኝም» የሚለው ፕላስተሩን ስለሚዘለው ነው። ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ ንቀለው፤ ፀሐይ ላይ ከከረመ ሙጫው ቀለበቱ ላይ ይቀራል።

በዚህ አኳኋን ከ1.5 ሜትር እስከ 7 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። አንተ የሚቀርህ ርቀት መገመት ብቻ ነው። ሰውየው አምስት ክንድ ላይ ሲደርስ፣ ካሜራውን አግድም ከያዝከው ከጉልበቱ በላይ ይገባልሃል፤ አቁመህ ከያዝከው ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ከነትርፉ ይገባል። ይህን ቤትህ በረንዳ ላይ ወንድምህን አቁመህ ተለማመደው። ዓይንህ አምስት ክንድን ሳይለካ ሲያውቅ መንገድ ላይ ካሜራውን ወደ ዓይንህ አንስተህ፣ ተጭነህ ለማውረድ አንድ ሰከንድ ይበቃሃል።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ሁሉንም ራስህ በምትወስንበት በኤም ሞድ ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ የሰከንድ 1/500 ላይ አስቀምጠው። በ1/125 ከፊትህ አቋርጦ የሚያልፍ ሰው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ይንቀሳቀሳል፤ እጁና እግሩ ደግሞ ከገላው ይፈጥናሉ። 1/500 ለአካሄድ በቂ ነው። የሚሮጥ ወያላ ወይም ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ከሆኑ 1/1000 አድርገውና አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን አቅም) እጥፍ ጨምር።

ፊት የሚጠቁርብህ ካሜራው ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚጎትት ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች ፍሬሙን ሲሞሉት፣ ወይም ከኋላቸው ሰማይ ሲኖር፣ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። የሚጎዳው ፊት ነው። ስለዚህ ልኬቱን ለካሜራው አትስጠው። 1/500ና ኤፍ 8 እንዳሉ ሆነው አይኤስኦውን ብቻ በእጅህ ቀያይር፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ 200፣ ሰማዩ ደመና ሲሆን 800፣ ሕንፃ ጥላ ሥር ወይም በረንዳ ሥር 1600። እነዚህ ቁጥሮች ከተለመደው ልክ ትንሽ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ለእኛ የቆዳ ቀለም ያቺ ትንሽ ጭማሪ ታስፈልጋለች። ፀሐይ ላይ ያለ ነጠላ ፍሬሙን ከሞላው ወደ 100 አውርድ። ፎቶውን ከፍተህ የኢንፎን ቁልፍ ስትጫን ሂስቶግራሙ (የብርሃኑ ግራፍ) አጠገብ ብልጭ ድርግም የሚል ቦታ ታያለህ፤ እዚያ ላይ የነጠላው ክር ጠፍቷል ማለት ነው። ሁልጊዜ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሳ፤ የተጨመቀው ጄፔግ የጠፋ ክር አይመልስም።

መርካቶ ላይ አንድ ልዩ ነገር አለ። ሰማያዊ ሸራ የተዘረጋበት መተላለፊያ ውስጥ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ኮምፒውተር ላይ ስታስተካክለው ፊቱ ይመለስና በርበሬው ወይም ጨርቁ ቀለሙን ይስታል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማዳን ከባድ ነው። ሸራው የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ቁም። ከጎን የሚገባው ንጹሕ ብርሃን የሰውን ፊት ያገኘዋል፣ ከኋላው ያለው ጨለማም ይለየዋል።

ስለ ሰዓት ብዙ አንልም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ሥራ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይዋ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ የሰው ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ብቻ ይቀራል። ያኔ ጥላ ፈልግ ወይም ምሳህን ብላ። ክረምት ላይ ብርሃኑ ለስላሳ ነውና አትቅር። ፌስታል ለሌንሱ ቀድደህ በላስቲክ እሰርለት፤ እንፋሎት ወደሞላው ታክሲ ስትገባ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጣ፤ ሌንሱ ጉም ይለብሳል።

ካሜራህ ራሱ የሚያሳጣህ ሦስት ነገር አለ። አረንጓዴው አውቶ ላይ ከሆነ ጥላ ሲያገኝ ፍላሹ በራሱ ብድግ ይላል፤ ኤም ላይ ሁን። ፎከስ ሲይዝ የምትጮኸውን ድምፅ ከሜኑ አጥፋት። ካነሳህ በኋላ ፎቶው ስክሪኑ ላይ በራሱ እንዳይመጣም ከሜኑ ዝጋው፤ እሱን ስታይ ቀጣዩ ያመልጥሃል። የ600ዲ ሻተር ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ በተከታታይ አትተኩስ። በሰከንድ 3.7 ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ በሮው ከስድስት ገደማ በኋላም ይቆማል። አንዴ ተጫን፣ ጠብቅ፣ ደግመህ ተጫን።

በስልክ የምታነሱ አንባቢዎችም አላችሁ። የስልክ ሌንስ በተፈጥሮው ሰፊ ስለሆነ ፎከሱ አያስቸግራችሁም፤ ፊቱ ላይ ተጭናችሁ ብርሃኑን ቆልፉና በድምፅ መጨመሪያዋ ቁልፍ አንሱ። ግን ስልክ ከትልቅ ካሜራ የበለጠ ያስጠረጥራል፤ ሰዉ «ቲክቶክ ላይ ልትስቅብኝ ነው» ይላልና።

ዋናው ነገር ግን ይህ ሁሉ አይደለም፤ አንተ የቆምክበት ቦታ ነው። ሰው ሳያውቅ ማንሳትና ተደብቆ ማንሳት አንድ መስለውሃል። ከሩቅ፣ ከታክሲ መስኮት፣ ከምሰሶ ጀርባ የሚያነሳ ሰው ሲታይ ሌባ ይመስላል፤ ሰዉም እንደ ሌባ ይይዘዋል። ፎቶውም አይረባም፤ ሰውየው ከአካባቢው ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ያለው ሁሉ ጠፍቶ፣ የተሰለለ ሰው መስሎ ይወጣል። ሁሉም እያየህ ካሜራህን ደረትህ ላይ አንግተህ አንድ ቦታ ብትቆም ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመንገዱ አካል ትሆናለህ። ያኔ ሰዉ ያይሃል፣ ግን ወደ ጉዳዩ ይመለሳል። የምትፈልገው እሱን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰው ሳይሆን ቦታ ምረጥ፤ ጥሩ ብርሃን የሚያርፍበት፣ ከኋላው የማይረብሽ ግድግዳ ወይም በር ያለበት። እዚያ አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ካለች ተቀመጥና ቡና ጠጣ። «ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ሰፈሩን እያነሳሁ ነው» በላት፤ ተራ አስከባሪው ከመጣም ለእሱ ንገረው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጥጉ ሁሉ ማን እንደሆንክ ያውቃል። በኋላ አንድ ሰው «ይሄ ማነው?» ቢል መልስ የሚሰጡልህ እነሱ ናቸው።

መገናኛን ውሰድ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመታ የሰልፈኛው ግማሽ ፊት ያበራል። ሰዉ ሁሉ ታክሲ ወደሚመጣበት አንድ አቅጣጫ ነው የሚያየው። አንተ በዚያ አቅጣጫ፣ ከሰልፉ ራስ አምስት ክንድ ራቅ ብለህ ቁም። ባዶ ታክሲ ብቅ ሲልና ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መጣራት ሲጀምር ሰልፉ በሙሉ ወደ ፊት ጋደል ይላል፤ አንዷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ትስባለች፣ አንዱ የሚቀጥለው ታክሲ ይደርሰኝ ይሆን እያለ በጣቱ ይቆጥራል። ሁለት ሰከንድ ነው የሚቆየው። እጅ እጁን ተመልከት፤ ፊት ሊደብቅ ይችላል፣ እጅ ግን አያውቅበትም። ሲያልፍ አትቆጭ፤ ሌላ ታክሲ ይመጣል።

ካነሳህ በኋላ ዓይን ለዓይን ከተጋጠማችሁ አንገትህን አትቅበር። ቀና ብለህ፣ ፈገግ ብለህ፣ በአንገትህ እጅ ንሳ። አንዳንዶች ከኋላው ያለውን ሕንፃ ያነሳህ ምሰል ይላሉ። አትስማቸው፤ ሰው የተዋሸ ጊዜ ያውቀዋል፣ ሰፈሩም ሁለተኛ አያምንህም።

ሾላ ላይ የሆነውን እንየው። እናትየዋ የጮኹት ፎቶ ስለሚጠሉ ላይሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ፎቶ መነሳት ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ፎቶ ቤት ገብቶ፣ ቀና ብሎ የሚደረግ ነገር ነው። በምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከነበሩት ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ጀምሮ አዲስ አበባ ያወቀችው ፎቶ ይህ ነው። አንተ ግን ጭቃ ላይ ተቀምጠው፣ ሻሻቸው ተንሸራቶ፣ ጎመን እየቆነጠሩ አነሳሃቸው። ሌላም አለ፤ በ1977 ድርቅ ጊዜ የእኛ ሰው ምስል በዓለም ሁሉ ዞሯል። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ካሜራ ሲያይ «በድህነታችን ሊነግዱብን ነው» ቢል አይፈረድበትም።

እንዲህ ሲያጋጥምህ መጀመሪያ ካሜራውን ከዓይንህ አውርድ፤ ወደ ቦርሳ ግን አትክተተው፣ ወደ ኋላም አትሂድ። የሚሸሽ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል። ወደ እሳቸው ተጠጋና ጎንበስ በል፤ እሳቸው ተቀምጠው አንተ ቆመህ ከላይ አታነጋግራቸው። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራዎ ደስ ብሎኝ ነው ያነሳሁት፤ ይዩት» ብለህ ስክሪኑን አሳያቸው። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ላይ ይበርዳል። «አጥፋው» ካሉ እያዩ አጥፋው። በሮውና በጄፔግ አንድ ላይ የምታነሳ ከሆነ አንዱን ስትሰርዝ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ ሌላ የእሳቸው ፎቶ እንደሌለም ወደ ኋላ ገልጠህ አሳያቸው። ስለ መብትህና ስለ አንቀጽ አንድ ቃል እንዳትተነፍስ። ሰው ከተሰበሰበ ከሁሉ በዕድሜ ለገፋው ወይም ለባለ ሱቁ ተናገር፤ ለሁሉም በአንዴ መልስ ልስጥ ካልክ ማንም አይሰማህም። ካሜራህን ለማንም አትስጥ፤ ማንገቻው እጅህ ላይ ተጠምጥሞ ይቆይ፣ ቦርሳህን ወደ ፊት አዙር። ግርግር ለሌባ ያመቻል። ፖሊስ ከመጣ ደስ ይበልህ፤ መታወቂያህን አሳይና የሆነውን በአጭሩ ንገረው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሾላ ተመለስ፤ ካሜራ ሳትይዝ። ከእናትየዋ ሁለት እስር ጎመን ግዛና «ያን ቀን ሳላስፈቅድ ያነሳሁዎት ልጅ ነኝ» በላቸው። ሌላ ምንም አትጠይቃቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ካሜራ ይዘህ ስታልፍ ሰላም በላቸው። ምናልባት አንድ ቀን ራሳቸው «ና እስቲ አንሳኝ» ይላሉ፣ ምናልባትም አይሉም። ካሉህ መጀመሪያ ተስተካክለው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡትን ፎቶ አንሳላቸው። እሱ የእሳቸው ነው፤ 10 በ15 አሳጥበህ አምጣላቸው። ከዚያ አትሂድ። ደንበኛ ይመጣል፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ አንተን ይረሱሃል። የምትፈልገው ፎቶ ያኔ ይመጣል፤ ሳያስቡት፣ ግን ፈቅደውልህ። የታጠበች አንዲት ፎቶ አንድ ገበያ ውስጥ ከመታወቂያ የበለጠ በር ትከፍታለች፤ አጠገባቸው ያሉት ሻጮች ሁሉ «የእኔስ?» ይሉሃል።

ገንዘብ የሚጠይቅህ ከሆነ ለፎቶ ብለህ አትክፈል፤ የሚሸጥ ነገር ካለው ግን ግዛው። ለፎቶ መክፈል ከጀመርክ በማግስቱ መንገዱ ሁሉ እየተሰለፈ ይነሳልሃል፤ ሳያስብ የሚነሳ ሰው ያጥርሃል።

መርካቶ ላይ ከሰው ይልቅ ሸክሙን ፍራ። ተሸካሚ «ወገድ!» ሲል ወዲያው ወደ ዳር ውጣ፤ ጀርባው ላይ ያለው ጭነት አያስቆመውም፣ ከፊቱ ሆነህ ካሜራ ብትደቅን እሱንም አንተንም ትጥላለህ። ጎን ለጎን ሆነህ አንሳው።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ጠበል ላይ ያለ ሰው፣ ልቅሶ፣ የምታጠባ እናት፣ የሚለምን ሰው፣ አፉ ውስጥ ጉርሻ ያለ ሰው፤ እነዚህን ተዋቸው። በተለይ ልመናን። ከላይ ቆመህ እጁን የዘረጋን ሰው ማንሳት ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ብቻ ሊያስጠረጥርህ ይገባል።

ዱባይን በተመለከተ በጥብቅ የምንነግርህ አለ። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ በ2021 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣችው የሳይበር ወንጀል ሕግ በአንቀጽ 44 ሰውን በሕዝብ ቦታም ቢሆን ያለ ፈቃዱ ማንሳትን ይቀጣል፤ እስራት አለበት፣ መቀጮውም ከ150,000 ድርሃም ይጀምራል። አገርህ ላይ በፈገግታና በይቅርታ የሚያልቀው ነገር እዚያ ክስ ይሆናል። ሴቶችንና ቤተሰቦችን በተመለከተ ደግሞ ከሕጉም በላይ ኅብረተሰቡ ራሱ አይታገሥም። እዚያ የመንገድ ፎቶህን በሕንፃ፣ በጥላና ፊቱ በማይለይ ሩቅ ሰው ላይ ወስነው፤ ፊት የምትፈልግ ከሆነ አስፈቅድ። እህትህ በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነች የአሠሪዎቿ ቤት ውስጥ ካሜራ አታውጣ፤ ልጆቻቸውንማ በፍጹም። አንተ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትመለሳለህ፣ የሥራ ፈቃድ የሚበላሸው የእሷ ነው።

50ውን ሌንስ አትሽጠው። ዱባይ ይዘኸው ሂድና እህትህን አንሳበት። ኤፍ 2.8 ላይ አድርገው፤ 2.5 ሜትር ላይ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይሰጥሃል፣ ለቆመ ሰው ፊትና ትከሻ ይበቃል። ፎከሱን ወደ አንተ ቀረብ ያለው ዓይኗ ላይ በመካከለኛው የፎከስ ነጥብ ያዝ፤ ያ ነጥብ በ600ዲ ላይ ከሌሎቹ ስምንቱ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።